የመስመር ቮልቴጅን የመከታተል ታሪክ፦ ከኤዲሰን ባለቀለም አምፖሎች እስከ ፋብሪካ ፓወር ሰፕላይ

የኤሌክትሪክ መስመርን ቮልቴጅ የመከታተል ሥራ የኤሌክትሪክ ሽያጭን ያህል ዕድሜ አለው። ቶማስ ኤዲሰን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ፐርል ስትሪት የማመንጫ ጣቢያውን ሥራ ሲያስጀምር ለደንበኞቹ ያቀረበው 110 ቮልት ገደማ የሆነ ዲሲ ነበር። ሲመሽ ሱቆችና ቢሮዎች መብራታቸውን ያበራሉ፣ ጭነቱ ይከብዳል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሲያጠፉ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ይህን የሚጠብቀው ጣቢያው ውስጥ የቆመ ተረኛ ሠራተኛ ነበር። ከፊቱ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ኤሌክትሮማግኔት አለ። ቮልቴጁ ከተወሰነለት ልክ በአንድ ወይም በሁለት ቮልት ሲያልፍ ቀይ አምፖል ይበራል፤ በዚያው መጠን ሲጎድል ሰማያዊው ይበራል። ሠራተኛው ቀለሙን እያየ የዲናሞውን የማግኔት ጅረት የሚቆጣጠረውን መዘውር በእጁ ያዞራል፤ ሁለቱም አምፖሎች ሲጠፉ ቮልቴጁ ልኩን ይዟል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጣቢያው በር ላይ ልክ የሆነ ቮልቴጅ ከጥቂት መንገዶች ማዶ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ከፊሉን ሽቦው ራሱ ይበላዋል። በኤዲሰን ሥርዓት ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከዋና መጋቢ መስመሮች ጫፍ ቀጫጭን ሽቦዎችን ወደ ጣቢያው መልሶ መዘርጋት ነበር። ተረኛው ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ በሩቁ ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ያነባል። ቮልቴጅን ከሚመነጭበት ቦታ ይልቅ ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ መለካት እንደሚገባ የታወቀው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዚህ ሙያ ታሪክም መለኪያውን ወደ ተጠቃሚው መሣሪያ ይበልጥ የማስጠጋት ታሪክ ነው።

ያን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው በአምፖሉ ምክንያት ነበር። የአምፖል ብርሃንም ዕድሜም በቮልቴጁ ላይ እጅግ የተመረኮዘ ነው። ለምሳሌ ኋላ የመጣው የተንግስተን አምፖል ቮልቴጁ በ5 በመቶ ሲወርድበት ብርሃኑ በ16 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በ5 በመቶ ሲጨምርበት ደግሞ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ቮልቴጁ ሲጎድል ደንበኛው መብራቱ ደከመብኝ ይላል፣ ሲበዛ ደግሞ አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ይቃጠልበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቮልቴጅ ጥራት መመዘኛ የአምፖሉ ጤንነት ነበር ማለት ይቻላል።

ቀይና ሰማያዊ መብራት መብዛትና ማነስን ብቻ ነው የሚናገረው፤ መጠኑን በቁጥር ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ፊሊፕ ካርዲው በ1880ዎቹ የሠራው ቮልቲሜትር ጅረት ሲያልፍበት እየጋለ የሚረዝም ቀጭን ሽቦ ነበረው፤ የሽቦው መርዘም ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ሙቀት የጅረቱን አቅጣጫ ስለማይለይ መሣሪያው ለዲሲም ለኤሲም ያገለግል ነበር። ኤድዋርድ ዌስተን በ1888 በኒውጀርሲ ግዛት ኒውዋርክ ከተማ ኩባንያውን አቋቁሞ በቋሚ ማግኔት ውስጥ የሚዞር ጥቅል ሽቦ ያላቸውን ተንቀሳቃሽ ቮልቲሜትሮች ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ከጣቢያ ጣቢያ በእጅ ተይዘው የሚሄዱና ንባባቸው የሚታመን ነበሩ። ዌስተን በ1893 የፈለሰፈው የካድሚየም ባትሪ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.0183 ቮልት የሚሰጥ እጅግ የረጋ ምንጭ ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዓለም ቮልቲሜትሮች ሁሉ የሚመሳከሩበት ልክ ሆኖ አገልግሏል።

ለክትትል ግን ከንባብ ይልቅ ማስታወሻ ይጠቅማል። ይህን ያመጡት ወረቀት ላይ የሚጽፉ መለኪያዎች ናቸው። በኮኔቲከት ግዛት ዋተርበሪ የነበረው የዊልያም ብሪስቶል ኩባንያ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ሆነ። ባለ ክብ ወረቀቱ መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሰዓት ሞተር ወረቀቱን በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ያዞረዋል፣ ከቀስቱ ጫፍ ያለው ባለቀለም ብዕር ደግሞ ቮልቴጁን እየተከተለ መስመር ያሰምራል። ጠዋት ወረቀቱን የሚቀይረው ሠራተኛ ያለፈውን ቀን ሙሉ በአንድ እይታ ያነበዋል። ማታ መብራት ሲበራ የተፈጠረው ሸለቆ፣ ሌሊት ከተማው ሲተኛ የታየው ከፍታ፣ የአንድ ትልቅ ሞተር መነሳት የፈጠረው ስንጥር፣ ሁሉም በወረቀቱ ላይ ይገኛል። አቅራቢና ደንበኛ ሲካሰሱ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚችል ነገር የተገኘውም በዚህ መንገድ ነው። ብዕሩ ግን ክብደት አለው፤ ከሰከንድ ያነሰ ዕድሜ ያለውን መዋዠቅ ሊከተለው አይችልም። ለረጅም ጊዜ ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም፤ በዚያ ፍጥነት የሚጎዳ መሣሪያ ገና አልነበረምና።

ኤሲ ዲሲን እየተካ ሲሄድ ክትትሉ ከቮልቴጅ መጠን አልፎ ወደ ሌሎች ባሕርያት ተሻገረ። ሄንሪ ዋረን በ1916 ከኤሲው ድግግሞሽ ጋር እኩል የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሰዓት ሠርቶ ለቦስተን ኤዲሰን ጣቢያ ዋና ሰዓት አስተከለ። በዋናው ሰዓት ገጽ ላይ አንዱ ቀስት በፔንዱለም፣ ሌላው በመስመሩ ድግግሞሽ ይንቀሳቀሳል፤ የተረኛው ሥራ ሁለቱ እንዳይለያዩ ተርባይኑን ማስተካከል ነው። የሞገዱ ቅርጽም የራሱን ችግር ይዞ መጣ። የመስመሩ ሞገድ ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ ሃርሞኒክስ የሚባሉት ተደራቢ ሞገዶች ሞተር ያግላሉ፣ በአጠገብ በሚያልፍ የስልክ ሽቦ ላይም ጩኸት ያሰማሉ፤ የኃይልና የስልክ ኩባንያዎችን ለአሥርት ዓመታት ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ብሎንዴል በ1893 የሠራው ኦሲሎግራፍ የሞገዱን ቅርጽ በዓይን ለማየት አስችሏል። የብየዳ ማሽኖችና የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች የሚፈጥሩት የመብራት ብልጭ ድርግም ማለት ደግሞ ሰውን ራሱን መለኪያ አደረገው። በ1986 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ የወጣለት የብልጭታ መለኪያ የ60 ዋት አምፖልን፣ የሰውን ዓይንና የአንጎልን ምላሽ አንድ ላይ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ሰው በጣም የሚረበሸውም ብልጭታው በሰከንድ 8.8 ጊዜ ገደማ ሲሆን እንደሆነ በዚያ መሣሪያ ውስጥ በቁጥር ተቀምጧል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኮምፒውተር ምክንያት ነው። አምፖል ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢደክም ሰው ዓይኑን ከማርገብገብ ያለፈ አይሆንበትም፤ ኮምፒውተር ግን በዚያች ቅጽበት ሥራውን ሁሉ ሊጥል ይችላል። በ1970ዎቹ የአሜሪካው ድራኔትዝ ኩባንያ 606 የሚል ቁጥር የሰጠው መሣሪያ የመስመሩን ችግር ራሱ እየለየ፣ ሰዓቱንና መጠኑን በወረቀት ጥቅል ላይ እያተመ ይሰጥ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ነገር ይመዘግብ የነበረው መሣሪያ አሁን የተለየውን ብቻ መርጦ መያዝ ተማረ ማለት ነው።

መምረጥ ግን የራሱ መዘዝ አለው። በ1974 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት በኮምፒውተር ማዕከላት መስመር ላይ ከታዩት ችግሮች 88.5 በመቶ የሚሆኑት ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ዝላዮችና ንዝረቶች እንደሆኑ፣ የቮልቴጅ መውረድ ግን 11 በመቶ ብቻ እንደሆነ ገለጸ። በ1982 የወጣው የቤል ላቦራቶሪ ጥናት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ 87 በመቶው የቮልቴጅ መውረድ ነው አለ። ሁለቱም ጥናቶች በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ። ዋናው ልዩነት መሣሪያዎቹ የት ላይ ሲደርሱ እንዲመዘግቡ እንደታዘዙ ነው፤ ትንሿን ዝላይ ሁሉ የሚቆጥር መሣሪያ ዝላይ ይበዛበታል፣ ከፍ ያለውን ብቻ የሚቆጥር ደግሞ የቮልቴጅ መውረድ ይበዛበታል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚያስተምረው ምዕራፍ ይህ ነው። ወሰኑ ሳይነገር የሚቀርብ የችግር ብዛት ምንም እንደማይነግር መሐንዲሶች የተረዱት ከዚህ ንጽጽር ነው።

ወሰኑን ለማስቀመጥ የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ በ1970ዎቹ መገባደጃ በአሜሪካ የኮምፒውተርና የቢሮ መሣሪያ አምራቾች ማኅበር ስም የወጣው ጥምዝ መስመር ነው። አንዱ ዘንግ የችግሩን ቆይታ፣ ሌላው የቮልቴጁን መጠን ያሳያል፤ በመስመሮቹ መካከል የወደቀ ችግርን ኮምፒውተሩ ሊችለው ይገባል፣ ከዚያ ውጭ የወደቀውን ግን ላይችለው ይችላል። በ1990ዎቹ ታድሶ የወጣው ቅጂ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ኃይል ሳያገኝ 20 ሚሊሰከንድ፣ በ70 በመቶ ቮልቴጅ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ እንዲቆይ ይጠብቃል። እነዚህ ቁጥሮች የመስመሩን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ አቅም የሚገልጹ ናቸው።

ፓወር ሰፕላይ ወደ ታሪኩ መሃል የገባውም በዚህ በኩል ነው። የቀድሞዎቹ ፓወር ሰፕላዮች በከባድ የብረት ትራንስፎርመር ቮልቴጁን አውርደው፣ ወደ ዲሲ ለውጠው፣ ትርፉን በሙቀት መልክ እያባከኑ ያስተካክሉት ነበር። ቮልቴጁ ሲዋዥቅ እነሱም አብረው ይጨነቃሉ። ለዚህ ጆሴፍ ሶላ በ1930ዎቹ የፈለሰፈው፣ የብረቱን መጠገብና ካፓሲተርን በመጠቀም ውጤቱን የሚያረጋ ትራንስፎርመር በፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ተመራጭ ነበር። በኢትዮጵያ ከተሞች ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር አብሮ የሚገዛው ስታብላይዘርም አሠራሩ ቢለያይም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ 220 ቮልት መሆን የሚገባው መስመር ሲዋዥቅ ጉዳቱ መሣሪያው ዘንድ እንዳይደርስ መሃል ይቆማል።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችሉ ትራንዚስተሮች ሲገኙ ስዊች የሚያደርጉት ፓወር ሰፕላዮች የቀድሞዎቹን ተኩ። እነዚህ የመስመሩን ኤሲ ትራንስፎርመር ሳይነካው በቀጥታ ወደ ዲሲ ይለውጡና በካፓሲተር ያጠራቅሙታል፤ ከዚያ በሺህ በሚቆጠር ድግግሞሽ እየቆራረጡ በትንሽ ትራንስፎርመር ወደሚፈለገው ቮልቴጅ ያወርዱታል። ብዙዎቹ ከ85 እስከ 264 ቮልት ድረስ ማንኛውንም መስመር ተቀብለው ያንኑ 24 ቮልት ይሰጣሉ። ለፋብሪካው ባለሙያ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር። በ35 ሚሊሜትር የብረት ሐዲድ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገባው ይህ ሳጥን ዛሬ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሩን፣ ሪሌዩንና ቫልቩን ሁሉ የሚመግብ የፓነል ልብ ሆኗል።

ይሁንና ይህ ችሎታው የመስመሩን ችግር ይሸፍናል። ፓወር ሰፕላዩ የሚያቀርበው ኃይል ቋሚ ስለሆነ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ብዙ ጅረት ይስባል፤ ሽቦውና ፊውዙ ይግላሉ፣ ውጤቱ ግን ያው 24 ቮልት ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 240 ዋት የሚሰጥ፣ ከመስመሩ 260 ዋት የሚስብና የኃይል ፋክተር ማስተካከያ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ይወሰድ። በ230 ቮልት መስመር ላይ ካፓሲተሩ እስከ 325 ቮልት ይሞላል፤ 220 ቮልት ዲሲ እስኪደርስ ድረስ መሥራት ይችላል እንበል። መስመሩ ሲቋረጥ 20 ሚሊሰከንድ ለመቆየት 182 ማይክሮፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር ይበቃዋል። መስመሩ ወደ 180 ቮልት ወርዶ ሲሠራ ግን ካፓሲተሩ የሚሞላው 255 ቮልት ብቻ ነው፤ የሚቆይበት ጊዜም ወደ 6 ሚሊሰከንድ ያሽቆለቁላል። በውጤቱ በኩል የታየ ለውጥ የለም፣ መጠባበቂያው ግን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አልቋል። በማግስቱ አንዲት አጭር መቋረጥ ፋብሪካውን ስታቆመው ጥፋቱ የዚያች ቅጽበት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ቀናት ሲቆይ የነበረው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። በሦስት ፌዝ የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ፌዝ ቢጠፋም በሁለቱ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፣ የጠፋውን የሚያውቅ ግን ላይኖር ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩ ራሱም መስመሩን ይበክላል። ካፓሲተሩ ጅረት የሚስበው በሞገዱ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ እልፍ አእላፍ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲስቡ የሞገዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ በኒውትራል ሽቦ ላይም ሦስተኛው ሃርሞኒክ ይደመራል። በ1995 የወጣው የዓለም አቀፉ ኮሚሽን ደረጃ ለአነስተኛ መሣሪያዎች የሃርሞኒክስ ጣሪያ ያበጀው ለዚህ ነው፤ የኃይል ፋክተር ማስተካከያ ዑደት ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች የተስፋፉትም ከዚያ በኋላ ነው።

በ1990ዎቹ ጉዳዩ ከኮምፒውተር ክፍል ወጥቶ ወደ ማምረቻ አዳራሽ ገባ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋም ከ1993 እስከ 1995 በ24 ኩባንያዎች መረብ ላይ በ277 ቦታዎች መለኪያ ተክሎ የስርጭት መስመሩን ተከታተለ። በዚያው ዘመን የማይክሮቺፕ ፋብሪካዎች አንዲት የቮልቴጅ መውረድ የሳምንታት ምርት እንደምታበላሽ አይተው፣ በ2000 ለማሽኖቻቸው የራሳቸውን ግዴታ አወጡ፦ ቮልቴጁ በግማሽ ቢወርድ 0.2 ሰከንድ፣ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ግማሽ ሰከንድ፣ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ አንድ ሰከንድ ሥራ ሳይቋረጥ መቆየት። ይህ ቅድመ ሁኔታ መስመሩን የተሻለ ማድረግ ውድ በሆነበት ቦታ ማሽኑን ማጠንከር እንደሚቻል ያሳየ ጤናማ ውሳኔ ነበር።

በአውሮፓ በኩል ትኩረቱ አቅራቢው ምን ቃል ይግባ የሚለው ላይ ነበር። በ1994 የወጣው ኢኤን 50160 የተሰኘው ደረጃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሚወሰዱት የ10 ደቂቃ አማካዮች 95 በመቶው ከስያሜ ቮልቴጁ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል። የ10 ደቂቃ አማካይ ደግሞ አጭሩን መውረድ ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል፤ ደረጃውን አሟልቶ ማሽን የሚያቆም መስመር ሊኖር መቻሉ የዚህ አቀራረብ ድካም ነው። በዚሁ ጊዜ የአህጉሩን 220 እና የብሪታንያን 240 ቮልት በ230 አንድ የማድረግ ሥራ ይካሄድ ነበር። ብሪታንያ በ1995 ከ240 ቮልት በመደመርና በመቀነስ 6 በመቶ ወደ 230 ቮልት በመደመር 10 እና በመቀነስ 6 በመቶ ተሸጋገረች። የቀድሞው ወሰን ከ225.6 እስከ 254.4፣ አዲሱ ከ216.2 እስከ 253 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመሮቹ ባሉበት ቀሩ፤ የተለወጠው በወረቀት ያለው ቁጥር ነበር። ዛሬም በብሪታንያ ቤቶች 240 ገደማ ማንበብ የተለመደ ነው።

የመለኪያዎቹን አለመጣጣም የፈታው በ2003 የወጣው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ አይኢሲ 61000-4-30 ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በ10 ዑደት፣ በ60 ኸርዝ ደግሞ በ12 ዑደት እየለካ፣ መውረድን በየግማሽ ዑደቱ እያደሰ እንዲሰላ ያዝዛል። ክፍል ኤ የሚባለውን ያሟሉ ሁለት መሣሪያዎች ከአንድ መስመር ጋር ቢገናኙ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለባቸው። ይሁንና እንዲህ ያለ መሣሪያ ዋጋው ከባድ ነው፤ ፋብሪካ አንዱን ዋናው መግቢያ ላይ ሊተክል ይችላል እንጂ በየፓነሉ አይተክልም።

ክፍተቱን እየሞላ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለረጅም ጊዜ ስለ ራሱ የሚናገረው በአንዲት አረንጓዴ መብራትና የ24 ቮልቱ ውጤት ሲወርድ በምትከፈት አንዲት ሪሌይ ብቻ ነበር፤ ሪሌይዋ የምትናገረው ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከ2010ዎቹ ጀምሮ ግን ማይክሮፕሮሰሰር ያላቸውና በፋብሪካው መረብ በፕሮፊኔት ወይም በአይኦ-ሊንክ የሚገናኙ ፓወር ሰፕላዮች ወጡ። ፓወር ሰፕላዩ ሥራውን ለመሥራት የመግቢያውን ቮልቴጅ አስቀድሞም ይለካ ስለነበር አዲሱ ነገር ያንን ንባብ ለውጭ መስጠቱ ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቮልቴጅ፣ የዝላዮችን ብዛት፣ የጠፋ ፌዝን፣ የራሱን ሙቀትና የሥራ ሰዓት ይዘግባሉ።

የዚህ መረጃ ዋጋ በብዛቱ ነው። በአንድ ግቢ ያሉ ሃያ ፓነሎች በአንድ ቅጽበት መውረድ ከዘገቡ ችግሩ ከውጭ መጥቷል፤ አንዱ ብቻ ከዘገበ የላላ ማያያዣ፣ የቀጠነ ኬብል ወይም በአጠገቡ የሚነሳ ሞተር መፈለግ ይገባል። በአንድ ፌዝ ቮልቴጁ ሲወጣ በሌላው ሲወርድ ከታየ የተበጠሰ ወይም የላላ ኒውትራል አለ፤ ይህ ካልታረመ አንደኛው ፌዝ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ሊደርስባቸው ይችላል። በተቃራኒው ፓወር ሰፕላይ የክፍል ኤ መሣሪያን ትክክለኛነት አይሰጥም፣ ሰዓቱም ከሌሎቹ ጋር በትክክል የተመሳሰለ ላይሆን ይችላል፤ ሃርሞኒክስንና ብልጭታን በደንቡ የሚያሰሉት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። ከኤሌክትሪክ አቅራቢ ጋር ለሚደረግ ክርክር በደረጃው የተመረመረ መለኪያ መቅረብ አለበት፤ የፓነል ጥገና ባለሙያ ግን የትኛውን ሳጥን አስቀድሞ መክፈት እንዳለበት ለማወቅ የፓወር ሰፕላዩ መዝገብ ይበቃዋል።